ስለ ጥንታዊ አውቶሞቢሎች እድሳትና ስለ ጥንተ ተፈጥሯቸው አጠባበቅ

የሰው እጅ የሠራው ዕቃ ሁሉ ሁለት ታሪክ አለው። አንደኛው የተሠራበት ታሪክ ነው፤ ሁለተኛው ከተሠራ በኋላ የኖረበት ታሪክ ነው። የብራና መጽሐፍን የሚመረምር ሊቅ ጽሕፈቱን ብቻ አያነብም፤ የቆዳውን አፋፋቅ፥ የጥራዙን ስፌት፥ በኅዳጉ የሰፈረውን የባለንብረቱን ስም፥ ያም ስም ተፍቆ ሌላ የተተካበትን ስፍራ ሁሉ ይመለከታል። ለእርሱ እድፉም ፍቁም ምስክር ነው። ይህ የምርመራ መንገድ ለብራና፥ ለሸክላና ለሰይፍ ከተለመደ ብዙ ዘመን ሲሆነው፥ ፋብሪካ ለሠራው ዕቃ ግን የተፈቀደለት እጅግ ዘግይቶ ነው። ካርል ቤንዝ በ1886 ለባለሦስት እግሩ የሞተር ሠረገላ የፈጠራ መብት ካገኘ ወዲህ መቶ አርባ ዓመት ያህል አልፏል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚህ ዘመን ውስጥ ከተሠሩት የቀደሙ አውቶሞቢሎች አብዛኞቹ ብረታቸው ቀልጦ ሌላ ዕቃ ሆኗል፤ የተረፉትም ጥቂቶች በጎተራና በጋራዥ ጥግ አቧራና ዝገት ለብሰው ብዙ ዓመት ከቆዩ በኋላ፥ አንድ ቀን የሚያስብላቸው ሰው እጅ ይገባሉ።

በዚያች ቀን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። ያረጀውን መኪና ከፋብሪካ በወጣበት ቀን እንደ ነበረ አድርጎ ማሳመር ይሻላልን? ወይስ ዘመን ያሳረፈበትን ምልክት ይዞ እንዲቆይ መተው? ነገሩ ሲያዩት የባለመኪናው የግል ምርጫ ብቻ ይመስላል። ነገር ግን አንድ ጊዜ የተፋቀ ቀለም አይመለስም፤ አንድ ጊዜ ተነቅሎ የተጣለ የመቀመጫ ቆዳም አይገኝም። ስለዚህ አዳሹ በዕቃው ላይ የሚፈርደው ፍርድ ይግባኝ የሌለው ፍርድ ነው። ሊቃውንትና ሰብሳቢዎች በዚህ ጉዳይ ላይ ያደረጉት ክርክርና የደረሱበት ውሳኔ፥ ስለ መኪና ብቻ ሳይሆን ስለ ቅርስ በጠቅላላው የሚያስተምረው ነገር አለ።

አሮጌው መኪና ቅርስ ስለ መሆኑ

በመጀመሪያው ዘመን ያረጀ አውቶሞቢል ምንም ክብር አልነበረውም። ከዓመት ወደ ዓመት የተሻለ ሞተርና የተሻለ ፍሬን ይወጣ ስለ ነበር፥ ዐሥር ዓመት ያገለገለ መኪና ለባለቤቱ የኋላ ቀርነት ምልክት ሆኖ ይታይ ነበር። ስለዚህም ባለቤቱ ወይ ለብረት ገዢ ይሸጠዋል፤ ወይ የኋላ አካሉን ቆርጦ የጭነት መኪና ያደርገዋል፤ ወይ ሞተሩን አውጥቶ ለውሃ መሳቢያ ወይም ለመጋዝ ያውለዋል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ በእንግሊዝና በአሜሪካ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ብረት ይሰበሰብ ስለ ነበር፥ ብዙ አሮጌ መኪኖች በዚያው ጠፍተዋል።

የአመለካከት ለውጥ አስቀድሞ ከታየባቸው አገሮች አንዷ እንግሊዝ ናት። በኅዳር 1896 በሞተር የሚሄድ ሠረገላ በአውራ ጎዳና ላይ በሰዓት ከ4 ማይል በላይ እንዳይፈጥን ይከለክል የነበረው ሕግ በተሻሻለ ጊዜ፥ ባለመኪናዎች ከለንደን እስከ ብራይተን ተጉዘው ደስታቸውን ገልጸው ነበር። ይህ ጉዞ በ1927 በአሮጌ መኪኖች መታሰቢያ ሆኖ ታደሰ፤ እስከ ዛሬም ከ1905 በፊት የተሠሩ መኪኖች በየዓመቱ ይጓዙታል። በ1930 የቀዳማውያን መኪኖች ክበብ፥ በ1934 ደግሞ «ቪንቴጅ ስፖርትስ ካር ክለብ» የተባለው ማኅበር ተቋቋመ። «ቪንቴጅ» የሚለው ቃል የተወሰደው ከወይን ጠጅ ነው፤ ወይኑ የተለቀመበትን ዓመት ያመለክታል። ማኅበርተኞቹ ከ1930 በኋላ የወጡትን መኪኖች ብዙዎቹን በርካሽ የተሠሩና የሠሪ ጥበብ የጎደላቸው አድርገው ይቈጥሯቸው ስለ ነበር፥ የስሙን ወሰን በዚያ ዓመት መጨረሻ ላይ አቆሙ።

በዚህ የቃል ምርጫ ውስጥ ትልቅ አሳብ ተሰውሮ ይገኛል። መኪና እንደ ወይን ጠጅ የተወለደበት ዓመትና የመጣበት አገር ያለው፥ ጣዕሙም ከዚያ የሚመነጭ ዕቃ ነው ማለት ነው። ይህ ከታመነ በኋላ ግን ጥያቄው ይከተላል፤ ጣዕሙ ያለው በምኑ ላይ ነው? በቅርጹ ነውን? በብረቱ ነውን? ወይስ በታሪኩ?

ከልክ ስላለፈ እድሳት

በአሜሪካ፥ በካሊፎርኒያ ጠረፍ፥ ፔብል ቢች በሚባለው ስፍራ በ1950 የአውቶሞቢሎች የውበት ውድድር ተጀመረ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ታላቁን ሽልማት የሚወስዱት አዳዲስ መኪኖች ነበሩ። በ1955 ግን ፊል ሂል፥ ኋላ በ1961 የዓለም የፎርሙላ አንድ ሻምፒዮን የሆነው ሰው፥ በ1931 የተሠራ ፒርስ አሮው አድሶ አቀረበና ሽልማቱን ወሰደ። ከዚያም ወዲህ የታደሰ ጥንታዊ መኪና በአዲሱ ላይ የበላይነት እያገኘ ሄደ።

ይህ ዘመን ያደረገው በጎ ነገር አይካድም። ብዙ መኪኖች ከብረት ማቅለጫ ተርፈዋል። የሙያ ዕውቀትም ድኗል፤ የሞተርን ብሮንዚና በነጭ ብረት አቅልጦ የሚያፈስ፥ ከጽኑ እንጨት የአካል አጽም የሚጠርብ፥ ላሜራን በመዶሻና በአሸዋ ከረጢት ቀጥቅጦ የሚያጐብጥ ባለሙያ እስከ ዛሬ የቆየው ባብዛኛው በእድሳት ሥራ ምክንያት ነው። ዳሩ ግን ዳኞች የሚያዩት አንጸባራቂነትን በሆነ ጊዜ፥ አዳሾች ከፋብሪካው ሥራ ይልቅ ያማረ ሥራ ለመሥራት ተሽቀዳደሙ። መኪናው ከተወለደበት ቀን ይልቅ የተዋበ ሆነ፤ በዚያው መጠን ከራሱ እየራቀ ሄደ።

ስሕተቱ እንዴት እንደሚደርስ በሁለት ምሳሌ ይታያል። በ1920ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ መኪና የመብራቱ ቀለበትና የራዲያተሩ ጠርዝ በኒኬል የተለበጠ ነበር። ኒኬል ሞቅ ያለ፥ ወደ ብጫ የሚያደላ ጸዳል አለው፤ ካልተወለወለም ይደበዝዛል። ክሮም በአውቶሞቢል ላይ የተስፋፋው በ1920ዎቹ መጨረሻ ነው፤ ጸዳሉም ቀዝቃዛና ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ነው። የ1922 መኪና በክሮም ቢለበጥ ተራው ተመልካች ያደንቀዋል፤ የሚያውቅ ሰው ግን በአንድ ጥንታዊ ድርሳን መካከል የኋላ ዘመን ፊደል እንዳየ ያህል ይደነግጣል።

ሁለተኛው ምሳሌ የቀለሙ ነው። ከ1920ዎቹ አጋማሽ በፊት መኪና ይቀባ የነበረው ለፈረስ ሠረገላ በተለመደው ዘዴ ነበር። ቀለሙና ቫርኒሹ በብሩሽ በላይ በላዩ ይደረባል፤ እያንዳንዱ ድርብ እስኪደርቅ ይጠበቃል፤ ይፈገፈጋል፤ እንደገና ይቀባል። ሥራው ሳምንታት ይፈጅ ነበር። ዱፖንና ጄኔራል ሞተርስ «ዱኮ» የተባለውን በመርጫ የሚቀባ ፈጣን ቀለም በ1923 ካወጡ በኋላ ይህ ሙያ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከፋብሪካው ወጣ። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተቀባ መኪና በላዩ የያዘው የብሩሽ ፈለግ፥ የጠፋ ሙያ የመጨረሻ ጽሕፈት ነው። ያንን ፍቆ በዘመናዊ አንጸባራቂ ቀለም መሸፈን ጽሕፈቱን መደምሰስ ነው።

ለሕዝቦች አኗኗር ጥናት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው። የፋብሪካው ባለቤት ደብዳቤውና የሒሳብ መዝገቡ ተቀምጦለታል፤ የመሐንዲሱም ንድፍ ተጠብቋል። አካሉን የጠረበው አናጢ፥ ቆዳውን የሰፋው ሰፊ፥ ቀለሙን የቀባው ቀቢ ግን ስለ ሥራቸው አንዳች ወረቀት የተዉ እምብዛም ናቸው። እነርሱ የተዉት በመቀመጫው ሥር በእርሳስ የተጻፈ ቁጥር፥ ከወለሉ በታች የተንጠባጠበ ቀለም፥ በላሜራው ውስጠኛ ገጽ ላይ ያልተስተካከለ የመዶሻ ምልክት ነው። ሁሉን አጽድቶ የሚያስተካክል እድሳት መጀመሪያ የሚያጠፋው እነዚህን ነው።

በለንደን ስለ ተፈረደው ፍርድ

የጥንተ ተፈጥሮ ጥያቄ በሰብሳቢዎች መካከል ብቻ ሲነገር ኖሮ በ1990 በእንግሊዝ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፊት ቀረበ። ክርክሩ የተነሣበት መኪና «ኦልድ ነምበር ዋን»፥ ማለት «አሮጌው ቁጥር አንድ»፥ የተባለው ቤንትሌይ ስፒድ ሲክስ ነው። ይህ መኪና በፈረንሳይ በሌ ማን የሃያ አራት ሰዓት ውድድር በ1929 በዉልፍ ባርናቶና በቲም በርኪን፥ በ1930 ደግሞ በባርናቶና በግሌን ኪድስተን ተነድቶ ሁለት ጊዜ በተከታታይ አሸንፏል። በ1932 ግን በእንግሊዝ በብሩክላንድስ የውድድር ሜዳ፥ ባለ 8 ሊትር ሞተር ተገጥሞለት ሲሽቀዳደም ከሜዳው ጠርዝ በላይ ወጥቶ ወደቀና ነጂው ክላይቭ ደንፊ ሞተ። ከዚያም በኋላ መኪናው በሌላ አካል ተሠርቶ የመንገድ መኪና ሆነ፤ ብዙ ዘመን ቆይቶም ወደ ውድድር መልኩ ተመለሰ።

ባለቤቱ ወደ 10 ሚሊዮን ፓውንድ በሚገመት ዋጋ ሊሸጠው ተዋውሎ ሳለ ገዢው ድርጅት፥ ይህ መኪና እውነተኛው «ቁጥር አንድ» አይደለም፥ ሲል ከውሉ ለመውጣት ፈለገ። ዳኛው ጀስቲስ ኦተን የባለሙያዎችን ምስክርነት ከሰሙ በኋላ የደረሱበት ነገር አስደናቂ ነው። በ1929 ካሸነፈው መኪና የተረፈ ክፍል የለም ወይም እጅግ ጥቂት ነው፤ በ1930 ካሸነፈው ደግሞ የቀረው የፔዳሎቹ ዘንግ፥ የካምቢዮው ቤትና የመሪው ዓምድ ብቻ ነው፤ ሻንሲውና ትልቁ ሞተር የ1932ቱ መኪና ናቸው፤ ሲሉ አተቱ።

እንዲህ ከሆነ መኪናው ሐሰተኛ ነው ይባል ዘንድ የሚገባ ይመስላል። ዳኛው ግን ነገሩን ለይተው አዩት። መኪናው ከፋብሪካ በወጣበት አካል ስላልቆየ «ኦሪጂናል» የሚለው ስም አይገባውም አሉ። ነገር ግን ይህ መኪና ከአንድ ውድድር ወደ ሌላው፥ ከአንድ ጥገና ወደ ሌላው ሲተላለፍ ማንነቱ አንድም ጊዜ አልተቋረጠም፤ ከምድር ገጽ ጠፍቶ ኋላ በሌላ ብረት እንደ አዲስ የተፈጠረ አይደለም። ስለዚህ «ኦተንቲክ»፥ በአማርኛ ማንነቱ የተረጋገጠ፥ ሊባል ይገባዋል ሲሉ ፈረዱ፤ ውሉም ጸና።

በዚህ ፍርድ ውስጥ ሁለት ዐይነት እውነት ተለይተው ወጥተዋል። አንደኛው የቁሱ እውነት ነው፤ ይህ ብረት፥ ይህ እንጨት፥ ይህ ቆዳ ያን ጊዜ ነበረ ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። ሁለተኛው የታሪኩ እውነት ነው፤ ይህ ዕቃ ከዚያ ቀን እስከ ዛሬ ሳይቋረጥ መጥቷል ወይ? ተብሎ ይጠየቃል። አንዱ በሌላው ሊተካ አይችልም። ቁሱ የጎደለው መኪና በታሪኩ ሊከበር ይችላል፤ የጎደለውን ቁስ እንዳልጎደለ አድርጎ ማቅረብ ግን ሐሰት ነው። ያልተቋረጠው ታሪክ የታወቀውም እያንዳንዱ ለውጥ በየጊዜው በጽሑፍና በፎቶግራፍ ተመዝግቦ ስለ ቆየ ነው። መዝገቡ ባይኖር ኖሮ ዳኛው የሚፈርዱበት ነገር ባላገኙ ነበር።

ከሐይቅ ስለ ወጣው ቡጋቲ

የዚህን ተቃራኒ የሚያሳይ ሌላ መኪና አለ። በስዊስና በኢጣሊያ መካከል በሚገኘው በማጆሬ ሐይቅ፥ በአስኮና ከተማ አጠገብ፥ በ1925 የተሠራ ቡጋቲ ብሬሻ በውሃ ውስጥ ሰጥሞ ይኖር ነበር። መኪናውን በፓሪስ የካርታ ጨዋታ አንድ ሰው ከታወቀው የውድድር ነጂ ከሬኔ ድሬፉስ እንዳሸነፈው ይተረካል፤ ይህ ግን ትረካ ነው። የታወቀው ነገር የጉምሩክ ቀረጡ ሳይከፈል በመቅረቱ በ1936 ወደ ሐይቁ መጣሉ ነው። ሲጣልም ካስፈለገ እንደገና ለማውጣት በሰንሰለት ታስሮ ነበር፤ ሰንሰለቱ ዝጎ በተበጠሰ ጊዜ ግን መኪናው ወደ 53 ሜትር ጥልቀት ወረደ። በ1967 አንድ ጠላቂ አገኘው፤ ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የአካባቢው ጠላቂዎች የሚጎበኙት ምልክት ሆኖ ኖረ። በሐምሌ 2009 ከውሃው ወጣ። ያወጡትም ጠላቂዎች ከሽያጩ የሚገኘውን ገንዘብ የወጣቶችን ጠብና ዐመፅ ለሚከላከል የበጎ አድራጎት ሥራ ሰጡት።

በጥር 2010 መኪናው በፓሪስ በጨረታ 260,500 ዩሮ አወጣ። የገዛው አሜሪካዊው ሰብሳቢ ፒተር መለን ነበር። በጭቃው የተቀበረው ወገኑ ይሻላል እንጂ የቀረው ላሜራ በዝገት ተበልቶ እንደ ዳንቴል ተበሳስቷል። በዚህ ጊዜ አዳሹ ፊት የሚቀርበው ፈተና ግልጽ ነው። ከጥቂት ብረትና ከሻንሲው ቁጥር ተነሥቶ ሙሉ መኪና ማቆም ይቻላል፤ አዲስ ሻንሲ፥ አዲስ አካል፥ አዲስ መንኰራኵር ይሠራለታል፤ ስሙና ቁጥሩም ይተላለፍለታል። መለን ግን ይህን አላደረጉም። መኪናው እንደ ወጣ ሆኖ በካሊፎርኒያ በኦክስናርድ ባቋቋሙት ሙዚየም ውስጥ ለሕዝብ ታየ። ባለቤቱ በ2023 ካረፉ በኋላ ሙዚየሙ በ2024 ተዘግቷል።

ቡጋቲው እንዲህ መተዉ ስንፍና አይደለም። ከ1925 የቀረው ቁስ ጥቂት ነው፤ ከ1936 እስከ 2009 የነበረው የሐይቅ ታሪክ ግን ሙሉ ሆኖ በላዩ ይገኛል። እድሳቱ የመጀመሪያውን ሳይመልስ ሁለተኛውን ያጠፋው ነበር።

ስለ ሥርዐቱና ስለ ሥራው ቅደም ተከተል

እነዚህን የመሳሰሉ ጉዳዮች ሲከማቹ ደንብ ማውጣት አስፈለገ። ለሕንጻዎችና ለሐውልቶች በ1964 የቬኒስ ቻርተር ተደንግጎ ነበር። የቻርተሩ አሳብ ባጭሩ ሲገለጽ፥ እድሳት ግምት በጀመረበት ስፍራ ማቆም አለበት፤ የየዘመኑ ተጨማሪ ሥራም ሊከበር ይገባዋል፤ አዲሱ ክፍል ከአሮጌው ጋር ቢስማማም ተለይቶ መታወቅ አለበት የሚል ነው። በ1966 የተመሠረተው ፊቫ የተባለው የጥንታዊ ተሽከርካሪዎች ዓለም አቀፍ ማኅበር ይህንኑ ለአውቶሞቢል አስማምቶ በ2012ና በ2013 የቱሪን ቻርተር የተባለውን ሰነድ አጸደቀ። ሰነዱ መጠበቅን፥ መንከባከብንና ማደስን ለይቶ ያስቀምጣል፤ ከሦስቱም ቅርሱን በጥቂቱ የሚነካው እንዲቀድም ይመክራል። ይሁን እንጂ መኪና የቆመ ሐውልት አይደለም፤ የተሠራው ሊሄድ ነው። ስለዚህ ቻርተሩ መኪናው በመንገድ ላይ መነዳቱን የቅርስነቱ አንድ ክፍል አድርጎ ያየዋል።

በተግባር ሲታይ ጠንቃቃው አዳሽ ሥራውን የሚጀምረው በመፍቻ ሳይሆን በካሜራና በመዝገብ ነው። መኪናው ሳይታጠብ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ በመቀመጫው ሥር የተገኘው ደረሰኝ፥ ሳንቲም፥ የአዝራር ቅሬታ ሳይቀር ይመዘገባል። በሻንሲው፥ በሞተሩ፥ በካምቢዮውና በኋላው ዘንግ ላይ የተመቱት ቁጥሮች ይነበባሉ፤ የፋብሪካው መዝገብ ካለ ከእርሱ ጋር ይመሳከራሉ። በዚህም የትኛው ክፍል ከመኪናው ጋር እንደ ተወለደ፥ የትኛውም ኋላ እንደ ገባ ይለያል።

ብዙ ዓመት የቆመን ሞተር በኀይል ማዞር ፒስቶኑን ከነቀለበቱ መስበር ነው። ካንዴላው ይወጣል፤ ሰርጎ የሚገባ ዘይት በየሲሊንደሩ ይጨመራል፤ ለብዙ ቀን ይተዋል፤ ከዚያም በእጅ ቀስ ተብሎ ይሞከራል። አሮጌው ቤንዚንና ዘይት ሳይለወጥ ሞተሩን ማስነሣትም በአንድ ደቂቃ ብዙ ጥፋት ያደርሳል።

ቀለሙ የሚመረመረው የጥንት ፍርስራሽ እንደሚመረመር ነው። በተሰወረ ቦታ ትንሽ ስፍራ ደረጃ በደረጃ ይፈገፈጋል፤ እያንዳንዱ ድርብ እንደ ዛፍ ቀለበት ይገለጣል፤ ወይም ቅንጣቱ በማይክሮስኮፕ ይታያል። መኪናው ስንት ጊዜ፥ በምን በምን ቀለም እንደ ተቀባ ከዚህ ይታወቃል። የመጀመሪያው ቀለም ካለ የሚሠራው ማጽዳትና በሰም መሸፈን ነው። የመቀመጫው ቆዳ በአዲስ አይለወጥም፤ ስፌቱ የተተረተረው እንደገና ይሰፋል፤ የደረቀው ይለሰልሳል፤ በውስጡ ያለው የፈረስ ጭራም ይመለሳል። ዝገትም ሁሉ አንድ አይደለም፤ ብረቱን እየበላ የሚሄደው መገታት አለበት፤ ፊቱን ብቻ የሸፈነው ግን በዘይት ወይም በሰም ታስሮ ሊቆይ ይችላል።

በዚህ ሁሉ መካከል ማንም የማይደራደርበት አንድ ወሰን አለ። ፍሬኑ፥ መሪው፥ ባልስትራውና መንኰራኵሩ የሰው ሕይወት ይሸከማሉ። የእንጨት ጨረር የተሰነጠቀበትን መንኰራኵር ለጥንተ ተፈጥሮው ሲባል በመንገድ ላይ መንዳት ቅርስን ማክበር ሳይሆን ነፍስን ማቃለል ነው። እዚህ ላይ ክፍሉ በአዲስ ይለወጣል፤ አዲሱም የተሠራበት ዓመት ይቀረጽበታል፤ የወጣውም አሮጌ ክፍል አይጣልም፤ ወረቀት ታስሮበት ከመኪናው ጋር ይቀመጣል። እንዲህ ከሆነ በኋላ የሚመጣው መርማሪ የትኛው የዘመኑ ሥራ፥ የትኛው የእድሳት ሥራ እንደ ሆነ ሳይሳሳት ይለያል።

ይህ ነገር ለኢትዮጵያ ስላለው ትርጕም

አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፥ በ1907ና በ1908 ግድም ነው። አስቀድሞ እንግሊዛዊው ቢድ ቤንትሌይ፥ ቀጥሎም ጀርመናዊው አርኖልድ ሆልትስ እየነዱ አዲስ አበባ ደርሰዋል። ከዚያ ወዲህ መኪና በአገሩ የራሱን ባህል አበጅቷል። የባህሉም አንዱ ሰነድ ቋንቋው ነው። መኪና፥ ጎማ፥ ፍሬን፥ ኮፋኖ፥ ፓራፋንጎ፥ ካምቢዮ፥ ፍሪሲዮን፥ ባልስትራ፥ ቸርኬ፥ ኩሽኔታ፥ ቡሎን የሚሉት ቃላት ሁሉ ከኢጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ላሜራ ቀጥቃጩ ባለሙያም «ባትላሜራ» ሲባል የኢጣሊያኑን ስም እስከ ዛሬ ይዞ ይገኛል። ሙያው ከማን እጅ እንደ ተላለፈ ቃላቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ።

ከቃላቱ ሌላ የተረፈው ሰነድ ሥራው ነው። መለዋወጫ ከሩቅ አገር በሚመጣበት፥ ባልመጣም ጊዜ በሚታጣበት አገር ባለጋራዡ የጎደለውን በእጁ ይሠራል። ፓራፋንጎው ከተራ ላሜራ ተቀጥቅጦ ይወጣል፤ የሌላ መኪና ባልስትራ ተቆርጦ ይገጠማል፤ የተሰበረው ተበይዶ ይመለሳል። አዲስ አበባ ውስጥ ሃምሳ ዓመት የተነዳ ቮልስዋገን ወይም ፊያት በዚህ ሁኔታ ሲገኝ፥ ጀርመናዊ ወይም ኢጣሊያዊ ሰብሳቢ በአገሩ ልማድ የሚያደርገው ነገር የታወቀ ነው፤ የአገር ልጅ የሠራውን ሁሉ እንደ ጉድለት ቈጥሮ ያወጣል፤ ከፋብሪካው የመጣውን ይተካል።

ከላይ የተነገረው ሥርዐት ግን ይህን በጥያቄ ያቆመዋል። ለመኪናው የተሠራበት ታሪክ በቮልፍስቡርግ ወይም በቱሪን ነው፤ የኖረበት ታሪክ ግን በመርካቶና በፒያሳ ነው። በእጅ የተቀጠቀጠው ፓራፋንጎ ከፋብሪካው ላሜራ ይልቅ ያልተስተካከለ ነው፤ ነገር ግን ስለ አዲስ አበባ ባትላሜራ ችሎታ የሚናገር ሌላ ምስክር አይገኝ ይሆናል። የፋብሪካው ፓራፋንጎ በሺህ በሚቈጠሩ መኪኖች ላይ ይገኛል፤ የባትላሜራው ሥራ ግን አንድ ብቻ ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለው ክፍል ጉዳት የማያደርስ ከሆነ በቦታው ይቈይ፤ መውጣት ካለበትም አስቀድሞ ይመዝገብ፤ በክብርም ይቀመጥ ቢባል ከሥርዐቱ ጋር ይስማማል። የሠራውም ሰው በሕይወት ካለ ስሙና የአሠራሩ ዘዴ ይጻፍለት። በአውሮፓ ስማቸው ሳይጻፍ ያለፉት አናጢዎችና ቀቢዎች የደረሰባቸው መረሳት በዚህ አገር ባለሙያዎች ላይ እንዳይደገም ጊዜው ገና አላለፈም።

መደምደሚያ

በነሐሴ 2024 በፔብል ቢች የታየው ነገር የዘመኑን አሳብ መለወጥ ያመለክታል። ታላቁን ሽልማት የወሰደው የ1934 ቡጋቲ ታይፕ 59 ነበር። ይህ መኪና በ1934 በሬኔ ድሬፉስ ተነድቶ የቤልጅግን ታላቅ ሽልማት ያሸነፈ፥ ኋላም የቤልጅግ ንጉሥ ሳልሳዊ ሌዮፖልድ የገዙት ነው። ያልታደሰ መኪና ይህን ሽልማት ሲያገኝ የመጀመሪያው ነው። በላዩ ያለው ጥቁር ቀለም ከነብጫ መስመሩ ለንጉሡ የተቀባው ሲሆን፥ ዘመን አደብዝዞታል። ማንም ከሥሩ ወዳለው የውድድር ሰማያዊ ሊመልሰው አልፈቀደም። ለመኪናው የውድድሩ ድል ታሪክ ነው፤ የንጉሡ ቀለምም ታሪክ ነው፤ ያላንዳች እድሳት መቆየቱም ራሱ ታሪክ ሆኗል።

ከሦስቱ መኪኖች አንድ ሥርዐት ይወጣል። ቤንትሌዩ ማንነት በቁስ ብቻ እንደማይወሰን አሳየ፤ የሐይቁ ቡጋቲ አንዳንድ ጊዜ አለመንካት ትልቁ ሥራ እንደ ሆነ አሳየ፤ የንጉሡ ቡጋቲ ደግሞ የኖሩበት ታሪክ ከተሠሩበት ታሪክ ሊያንስ እንደማይገባ አሳየ። አዳሽ ማለት እንግዲህ ዕቃውን ወደ መጀመሪያው ቀን የሚመልስ ሰው አይደለም፤ ያ ቀን አይመለስም። አዳሽ ማለት ዕቃው እርሱ ዘንድ እስኪደርስ ያየውን ሁሉ አንብቦ፥ ከራሱ ሥራ ጋር ሳያደባልቅ፥ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚያስተላልፍ ሰው ነው። ከእርሱ የሚጠየቀውም ሁለት ነገር ነው፤ የሚያስፈልገውን ብቻ መሥራት፥ የሠራውንም አለመደበቅ።